ሰዓቱን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁት

አጎቴ አውቶማቲክ (በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ) የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ይኼ ሰዓት አብዷል» አሉኝ። «በቀን 20 ደቂቃ ይቀድማል። ቀኑም አልቀየር ብሏል። እስቲ ፈታ አድርገህ እየው።»

ካቻቢቴ አላነሳሁም። መጀመሪያ ጥያቄ ነበረኝ።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ሬዲዮኑ ላይ ነዋ። ዜና ሲጀምር አስተካክለውና እዚያው ያድራል።»

«ቀኑንስ መቼ ነው የሚያስተካክሉት?»

«ወር የገባ ዕለት፣ ጠዋት ስነሳ።»

የሰዓቱን ጀርባ ሳልነካ ሁለቱንም በሽታ አወቅሁ። የእጅ ሰዓት መጠገን የጀመሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ምን መሣሪያ ልግዛ?» ብለው ነው። እኔ ግን ከመሣሪያው በፊት መማር ያለበት አጠያየቁ ነው እላለሁ። የተበላሸ ሰዓት በሽታውን በራሱ ጊዜ ይናገራል፤ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ቆሞ ይነሳል። እያንዳንዱ ምልክት ወደ ተለየ ቦታ ነው የሚመራን።

ምልክቱን ለማንበብ ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሜካኒካል ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ የሚመጣው ክብ ቤት ውስጥ ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው ሲፈታ የተያያዙ ጥርሳም ጎማዎችን ያሽከረክራል። የሚይዛቸው ባይኖር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሽር ብለው ተሽከርክረው ያልቁ ነበር። የሚይዛቸው ባላንስ የሚባለው ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ጎማ ነው፤ ጥርሶቹን በተራ በተራ እየያዘ በተራ በተራ ይለቃል። የምንሰማው ቲክ ቲክ የዚህ መያዝና መልቀቅ ድምፅ ነው። ባላንሱን እየጎተተ የሚመልሰው ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ሞላ ነው። የሰዓቱ ልክነት ያለው እዚህ ፀጉር ሞላ ላይ ነው፤ ሲያጥር ባላንሱ ይፈጥናል፣ ሲረዝም ይዘገያል።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ አስቡት። በብዙ ሴይኮ 5 ሰዓቶች ውስጥ የነበረው 7ኤስ26 የተባለው ማሽን በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 6፣ በቀን 518,400 ማለት ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። ሰዓታችሁ በቀን 10 ሰከንድ ተሳሳተ ማለት ከ8,640 ሰከንድ አንዱን ሳተ ማለት ነው። ይህ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ጥሩ ውጤት እንጂ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ «ሰዓቴ 10 ሰከንድ ይቀድማል፣ ልክፈተው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሌም መልሴ «ተወው፣ እሰረው» ነው።

በቀን 20 ደቂቃ ሌላ ነገር ነው። ይህን ያህል የሚቀድም ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ይዞታል። የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ከጀርባው ትልቅ ማግኔት አለው። የሞባይል ስልክም፣ የላፕቶፕ ክዳንም፣ የሴቶች ቦርሳ መዝጊያም ማግኔት አላቸው። ፀጉር ሞላው ማግኔት ሲይዘው ጥምዞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሁለት ጥምዝ ከተጣበቀ ሞላው አጠረ ማለት ነው፤ ሲያጥር ደግሞ ይፈጥናል። ለማረጋገጥ ትንሽ ኮምፓስ ይበቃል። የአጎቴን ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ኮምፓሱን በላዩ ሳስጠጋው መርፌው ሰሜንን ትቶ ዞረ፤ ከባላንሱ በላይ ሳደርሰው ደግሞ ከምቱ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

መፍትሔው ማግኔት ማጥፊያ የምትባል፣ ግድግዳ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ሳጥን ናት። ከሰዓት መሣሪያ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ናት፤ ግን አጠቃቀሟን ብዙ ሰው ይስታል። ሰዓቱን ሳጥኗ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ቁልፉን ሳትለቁ ሰዓቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ታርቃላችሁ። ክንዳችሁ እስኪዘረጋ ድረስ ካራቃችሁ በኋላ ብቻ ቁልፉን ልቀቁ። ሳጥኗ ያለማቋረጥ የሚገላበጥ ማግኔት ነው የምትፈጥረው፤ ስትርቁ ቀስ በቀስ እየደከመ ወደ ባዶ ይወርዳል። ሰዓቱ ሳጥኗ ላይ እያለ ቁልፉን ከለቀቃችሁት ግን በዚያች ቅጽበት የነበረው ማግኔት ውስጡ ይቀራል፤ ከነበረው ሊብስም ይችላል። የአጎቴ ሰዓት ሁለት ጊዜ አልፎ ዳነ። ለዚህ ጀርባውን መክፈት አላስፈለገም።

ሰዓቱ ወድቆ ከነበረ ግን ያው ምልክት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ፀጉር ሞላው ዘሎ አጠገቡ ካለው ነገር ጋር ተጠላልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ወድቆ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ማግኔት ማጥፋቱ ጉዳት ስለሌለው ሁልጊዜ እሱን አስቀድሙ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። ይህ ጉዳይ የእኛን ሰው ከሌላው ዓለም በተለየ ስለሚነካው ሰፋ አድርጌ ብናገር ደስ ይለኛል።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ቀኑን የሚቀይረው በአንድ ቅጽበት አይደለም። ጠቋሚው ወደ 12 ሲቃረብ፣ ከ9 ገደማ ጀምሮ፣ አንዲት ጣት የምትመስል ጥርስ የቀኑን ቀለበት ትነካና ቀስ እያለች ትገፋዋለች፤ ነጻ የምትወጣው ጠቋሚው 12ን አልፎ ወደ 4 ሲደርስ ነው። በዚህ መሃል በሰዓቱ ጎን ያለውን መሙያ አንድ እርከን ስባችሁ ቀኑን በጣት ከቀየራችሁት ሁለት ኃይል አንዲት ጥርስ ላይ ይጋጫል። ጥርሷ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራች ስለሆነች ትጎብጣለች ወይም ትሰበራለች። ለዚህ ነው የሰዓት መመሪያዎች «ከምሽቱ 9 እስከ ንጋቱ 4 ቀን አትቀይሩ» የሚሉት፤ የሚያወሩትም በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ግን ጠቋሚው 12 ላይ የሚደርሰው ንጋትና ምሽት ላይ ነው። ማሽኑ ፀሐይን አያይም፤ ጠቋሚውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ቀኑ የሚገለበጠው ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ወይ ማታ 12 ሰዓት ነው። ጠዋት እንዲገለበጥ ከተሞላ አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ይሆናል፤ ልክ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ሰዓቱን የሚያስርበት ጊዜ።

በዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያውን ጨምሩበት። የሰዓቱ ቀለበት ከ1 እስከ 31 ተጽፎበታል። በፈረንጅ የሚቆጥር ሰው በዓመት 5 ወሮች ብቻ 31 ስለማይደርሱ 5 ጊዜ ያስተካክላል። በኢትዮጵያ የሚቆጥር ግን 12ቱም ወሮች በ30 ስለሚያልቁ በየወሩ 31ን ማለፍ አለበት፤ ጳጉሜ 5 ሲያልቅ ደግሞ 6 ላይ የቆመውን ቀለበት 26 ጊዜ ገፍቶ መስከረም 1 ያደርሰዋል። 13 ጊዜ ማለት ነው፤ ያውም ሁሉም ወር በገባ ማለዳ፣ ጣቷ ቀለበቱን በያዘችበት ሰዓት። አጎቴ ለዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነው። በእርግጥም ለዚህኛው ሰዓቱን ከፍቼ ፊቱን አንስቼ ሳይ ጥርሷ ከሥሯ ተቆርጣ ነበር።

መከላከያው ቀላል ነው። ቀን ከመቀየራችሁ በፊት መሙያውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ ጠቋሚውን 6 ላይ አድርጉት። 6 በየትኛውም አቆጣጠር፣ በቀንም በሌሊትም፣ ከ12 እኩል የራቀ ነው። ቀኑን ቀይሩ፣ ከዚያ ጠቋሚውን ወደ ትክክለኛው ሰዓት መልሱ። ይህን ለወላጆቻችሁ አንድ ጊዜ አሳዩአቸው፤ እኔ ካየኋቸው የቀን ብልሽቶች ብዙዎቹ በዚህ ይቀሩ ነበር።

ስለሚቆም ሰዓት። የሚቆምበትን ሰዓት ጻፉ። ሁልጊዜ ጠቋሚዎቹ ሲደራረቡ የሚቆም ከሆነ አንዱ ሌላውን እየነካ ነው፤ ከጎን በማጉያ መነፅር ስታዩ በመካከላቸው ብርሃን መታየት አለበት። ሁልጊዜ 12 አካባቢ ከሆነ ቀን መግፋቱ ከብዶታል፤ ማሽኑ ደክሟል። እያደር የሚቆም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሙላቱን ጠርጥሩ። 7ኤስ26 በጣት አይሞላም፤ መሙያውን ብታሽከረክሩት ምንም አታተርፉም። የሚሞላው ክንድ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ አስራችሁት ዋሉና ማታ አውልቁት፤ 40 ሰዓት ገደማ ሊሄድ ይገባል። ሙሉ ቀን ታስሮ ሌሊቱን የማያድር ከሆነ ዘይቱ ደርቋል፤ ያ የመጠገን ሥራ ነው።

የባላንሱን ጤና ያለ ውድ መሣሪያ ማየት ይቻላል። ጀርባው መስታወት ከሆነ ወይም ከከፈታችሁት በኋላ፣ በሞባይል የዝግታ ቪዲዮ ቅረጹት። ባላንሱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ከመካከለኛ ቦታው ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ከተሽከረከረ ጤነኛ ነው። ግማሽ ዙር እንኳ የማይሞላ ከሆነ ደካማ ነው፤ ፍጥነቱን በማስተካከያ መግፋት ምንም አይጠቅምም፣ መታጠብና መቀባት አለበት። ሥራውን የወደዱት ሰዎች በኋላ ታይምግራፈር የሚባለውን፣ ምቱን በማይክሮፎን እያዳመጠ በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ ይገዛሉ። እኔም ገዝቻለሁ፤ ሆኖም ለመጀመሪያው ዓመት ቪዲዮው በቂ ነበር።

የባትሪ ሰዓት አጠር ያለ ምርመራ ነው ያለው። በውስጡ ያለች የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ያንን ቆጥሮ በየሰከንዱ አንድ ግፊት የሚልክ የኤሌክትሪክ ዑደት አለ። የሰከንድ ጠቋሚው ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ መሄድ ከጀመረ፣ ብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ባትሪው ሊያልቅ መቃረቡን የሚናገሩበት መንገድ ነው። ባትሪውን በመልቲሜትር ለኩት፤ አዲስ የሲልቨር ኦክሳይድ ባትሪ 1.55 ቮልት ያሳያል። በላዩ የተጻፈው ቁጥር መጠኑ ነው፤ ኤስአር626 የሚለው 6.8 ሚሊሜትር ስፋትና 2.6 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ ኤስአር621 ደግሞ ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.1 ነው። «ኤስአር» ሲልቨር ኦክሳይድ፣ «ኤልአር» አልካላይን ነው። አልካላይኑ ይረክሳል፤ ግን ቮልቱ ቀስ በቀስ ስለሚወርድና ሊፈስ ስለሚችል እኔ ሰዓት ውስጥ አላስገባውም። ባትሪ በብረት ወረንጦ አትያዙ፤ ሁለቱን ጎኑን በአንድ ጊዜ ከነካ ይባክናል፣ የፕላስቲክ ወረንጦ ይሁን። ያወጣችሁትንም ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ሕፃን ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል የሚችል ነገር ነው፤ ተውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ያለ ምንም መቆየት ሆስፒታል።

አዲስ ባትሪ ገብቶም የማይሄድ ከሆነ፣ ባትሪው የሚነካካቸው ስስ ብረቶች ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ መኖሩን እዩ። በሹል እንጨት ጠርጋችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለ ማሽኑን መቀየር ከመጠገን ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

እሺ፣ መሣሪያ። በ30 እና በ40 ቁራጭ ሳጥን የሚሸጡትን አትግዙ። ብረታቸው ለስላሳ ነው፤ የካቻቢቴው ምላስ በመጀመሪያው ብሎን ላይ ይጠመዘዛል። በዚያ ገንዘብ ጥቂት ጥሩ ነገር ግዙ። ከ0.8 እስከ 1.6 ሚሊሜትር ያሉ አራት ካቻቢቴዎች፣ ምላሳቸውን የምትስሉበት ትንሽ የመሳያ ድንጋይ፣ ማግኔት የማይዝ አንድ ጥሩ ወረንጦ፣ ዓይን ላይ የሚያዝ አምስት እጥፍ የሚያጎላ መነፅር፣ ማሽን መያዣ፣ ጠቋሚ ማንሻ ሁለት ትናንሽ ማንሻዎች፣ አቧራ መንፊያ የጎማ ፊኛ፣ ጀርባ መክፈቻ። እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ለሚከፈት ጀርባ መጀመሪያ ተለጣፊ የጎማ ኳስ ሞክሩ፤ ጫን ብላችሁ ስታዞሩት ብዙውን ይከፍታል፣ ሰዓቱንም አይቧጭርም።

ካቻቢቴ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምላሱ የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር መሙላት አለበት። ጠባብ ምላስ መሃሉን ብቻ ይይዝና ሲጠመዘዝ የስንጥቁን ከንፈር ይቀድዳል፤ ልኩ ያልሆነ ምላስ የነካውን ሰዓት በመነፅር ስታዩት ብሎኑ ሁሉ ቁስል ነው። አመልካች ጣታችሁን የካቻቢቴው ራስ ላይ አሳርፉና በአውራ ጣትና በመሃል ጣት አዙሩት። መጫን የአመልካች ጣት ሥራ ነው፣ ማዞር የሌሎቹ።

ወረንጦ ደግሞ መጨበጥ አይወድም። አጥብቃችሁ በያዛችሁት መጠን ትንሹ ክፍል ተፈናጥሮ ይሄዳል። የመሙያውን ዘንግ ከሚይዙት ሞላዎች አንዷ ከወረንጦዬ ተፈናጥራ ሄዳ ሦስት ቀን ፈልጌ አጥቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሞላ ያለበትን ክፍል የማነሳው እጄንና ማሽኑን ትልቅ ጥርት ያለ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ ነው፤ ቢዘል እዚያው ይቀራል። የፈታሁትን እያንዳንዱን ክፍል በሞባይል አነሳዋለሁ፣ ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል አሰልፌ በላዩ ሲኒ እደፋበታለሁ። ሲኒው አቧራንም የልጅ እጅንም ይከላከላል።

መማሪያ ከፈለጋችሁ በቤተሰብ ሰዓት አትጀምሩ። 6497 የሚባለው የድሮ የኪስ ሰዓት ማሽን 36.6 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በቻይና የሚሠራው ቅጂው ኤስቲ36 ይባላል። ክፍሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቀን የለውም፣ አውቶማቲክ አይደለም። አምስት ጊዜ ፍቱት፣ አምስት ጊዜ ግጠሙት፤ ስድስተኛው ላይ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል።

ዘይትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር። የስፌት መኪና ዘይት፣ የመኪና ዘይት፣ የሚረጭ የዝገት ማስለቀቂያ፣ ሰዓት ውስጥ አይገባም። በየቦታው ይሰራጫል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይሆናል። የሰዓት ዘይት ጠብታው ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ነው፤ የሚቀመጠውም ዘንጎች በሚዞሩባቸው ቀይ ድንጋዮች ላይ እንጂ በጥርሶች ላይ አይደለም። ፀጉር ሞላው ፈጽሞ ዘይት አይነካውም፤ ቢነካው እንደ ማግኔቱ ጥምዞቹን ያጣብቅና ያስቀድመዋል። ስታጥቡም ባላንሱንና አጠገቡ ያለውን ሹካ መሳይ ክፍል አልኮል ውስጥ አትንከሩ፤ ትናንሾቹ ድንጋዮች የተጣበቁበት ሼላክ በአልኮል ይሟሟል።

የማልነካቸውም አሉ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ፣ ቁጥራቸው በጨለማ እንዲያበራ የተቀቡ ሰዓቶች ቀለማቸው ራዲየም ሊሆን ይችላል። ብርሃኑ ጠፍቶም ጨረሩ አለ፤ ፊቱን ከፍቶ አቧራውን መተንፈስ አደገኛ ነው። ውኃ የገባበት ሰዓት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በዚያው ቀን ጀርባው ተከፍቶ መድረቅ አለበት፣ ዝገት አይጠብቅም። በራሳችሁ ከፍታችሁ የዘጋችሁትንም ሰዓት አስራችሁ አትዋኙ፤ የጀርባው ጎሚኒ (ውኃ የሚከላከለው የጎማ ቀለበት) ተቀይሮ በግፊት መለኪያ ካልተፈተነ ውኃ መከላከሉ ላይ እምነት አይጣልበትም። የተበላሸ ፀጉር ሞላ ለማቅናትም አትቸኩሉ፤ በመንገድ ዳር በትንሽ የመስታወት ሳጥን ጀርባ የሚቀመጡት አንጋፋ ሰዓት ሠሪዎች ለዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን የሰጡ ናቸው፤ ወስዳችሁ ስጧቸው፣ ከፈቀዱላችሁም ቁጭ ብላችሁ እዩ።

የአጎቴን ሰዓት የቀን ጥርስ ከሞተ ማሽን ባወጣሁት ቀየርኩት። ከዚያ በሦስት ሌሊት ፈተንኩት፤ አንዱን ሌሊት ፊቱ ወደ ላይ፣ አንዱን ፊቱ ወደ ታች፣ አንዱን መሙያው ወደ ታች ሆኖ አደረ፤ በየጠዋቱ ከስልኬ ሰዓት ጋር አስተያይቼ ጻፍኩ። 9 ሰከንድ ቀደመ፣ 12 ቀደመ፣ 4 ዘገየ። ማስተካከያውን አልነካሁም። ሰዓቱን ስመልስላቸው ጠቋሚውን 6 ላይ አድርጌ ቀን መቀየሩን አሳየኋቸው፣ እሳቸውም ሁለት ጊዜ በራሳቸው ሞከሩት። አሁን ማታ ማታ የሚያድረው ራስጌያቸው ባለው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ነው።